አልነጋም ያለችው ልጃችን

የሺዬ፣

ከተለየሽን አንድ ፋሲካ፣ አንድ ክረምት፣ አንድ እንቁጣጣሽ አለፈ። ሙት ዓመትሽም ደረስኩ ደረስኩ እያለ ነው። ያለሽበት ቦታ ሰላም እንደሆነ አምናለሁ፤ ስለዚህ ስላንቺ ጤና አልጠይቅም፣ ስለ እኛ ልንገርሽ። እኛ ደኅና ነን። ይህቺን «ደኅና ነን» የደብዳቤ ወግ ናት ብለሽ እንዳታልፊያት። ለወራት ሰው ሲጠይቀኝ «ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ ስመልስ ምስጋናው እውነት ቢሆንም ደኅንነቱ ውሸት ነበር። ካለፈው እሑድ ወዲህ ግን እውነቴን ነው። ምን ተገኘ እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩትም እሱን ልነግርሽ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። የግቢው ዘይቱን ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል፤ ወፎቹ ከእኛ ቀድመው ቀመሱት። እኔም እዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አሁንም ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ እያምታቱ ያበግኑኛል። «ለሦስት ሀ ደሙን የሚያፈላ ሰው ካንተ ሌላ አላየሁም» ትዪኝ ነበር፤ አሁንም አይፈላ አልልሽም፣ የሚስቅብኝ ግን አጥቻለሁ።

እናትሽ እዚሁ እኛ ዘንድ አሉ። ለቀብርሽ ከደሴ መጥተው አርባዋን ላውጣ አሉ፤ ከዚያ ፋሲካን ልዋል፣ ከዚያ ክረምቱ ይለፍልኝ። ይኸው አሁን የቤቱ ባለቤት እሳቸው፣ እንግዳው እኔ ሆኛለሁ። ወጥ ቤትሽን ከሥር እስከ ላይ አገላብጠውታል። የስኳሩና የጨው ጣሳ ቦታ ስለተለዋወጡ አንድ ሰሞን ሻዬን በጨው ስጠጣ ከረምኩ። አቤት ብል «በእኛ አገር ቡና በጨው ይጠጣል፣ ሻይስ ምን ይለዋል?» አሉኝ። እንደምታውቂያቸው ናቸው፤ ከሳቸው ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው ገና አልተወለደም። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

የከበደኝ የልጃችን የሶስና ነገር ነበር።

ያንን የመኝታ ቤታችንን በር መቼም አትረሺውም። ማጠፊያው ዝጎ፣ በተከፈተ ቁጥር እንደ ሕመምተኛ ያቃስታል። አልጋ ላይ የዋልሽ ሰሞን ዘይት ልቀባው ብዬ ብነሳ እምቢ አልሽ። ተኝቼ ሰው መምጣቱን የሚነግረኝ እሱ ነው፣ ተወው አልሽኝ። ሶስና ግን እንቅልፍሽን ላለመረበሽ የራሷን ዘዴ አበጀች። ጫማዋን ሳሎን ታወልቅና እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ፣ በሩን ወደ ላይ ትንሽ አነሳ አድርጋ ስትከፍተው እንደዚያ የሚያቃስተው በር ጭጭ ይላል። ከዚያ በካልሲ፣ ጣቶቿን አስቀድማ፣ ትንፋሿን ውጣ ትገባለች። አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ የተኛሽ ትመስያለሽ። ከወጣች በኋላ ግን «በሩ ሲያቃስት አንተ ነህ፣ ዝም ሲል ልጄ ናት። ሌባ አሳድገናል እኮ!» ያልሽኝ ቀን፣ እንዳትሰማን ትራሱን አፋችን ላይ ይዘን እንዴት እንደሳቅን አስታውሺ። ዶክተሩ ተስፋ እንደሌለው ከነገረን በኋላ ነበር ያ ሳቅ። ስለዚያ ሳቅ ዛሬም አመሰግንሻለሁ።

አንቺ ሄድሽ። እሷ ግን በሩን ማንሳት አልተወችም።

የሚቀሰቀስ ሰው በሌለበት ቤት ልጃችን በጣቷ ጫፍ መሄድ ቀጠለች። ሳህን ስታነሳ አይሰማም፤ ወንበር ስትስብ አይሰማም። ጥናቷን አታጓድልም፣ የተሰጣትን ትበላለች፣ ሲጠሯት «አቤት» ትላለች፤ ሌላ ነገር የለም። በቀብርሽ ቀን እናትሽ ደረታቸውን እየመቱ ሲያለቅሱ እሷ አንዲት ጠብታ አልወጣትም። «አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ» ያላላት ዘመድ የለም። ከቡድኗ ጋር የምትለማመደውን ውዝዋዜም ተወችው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ውስጥ መኖር አለመኖሯን የማውቀው ጫማዋን ሳሎን በማየት ብቻ ሆነ። እኔ ደግሞ የቃላት ሰው ነኝ ባይ፣ ለገዛ ልጄ የምላት አንዲት ቃል አጣሁ።

ያቺ እግሯ አንድ ቦታ አላርፍ እያለ ያስቸገረን ልጅ! ሰንበት ሰንበት ዓሣ ልንበላ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ስንወርድ ትዝ አይልሽም? የዓሣ አንጀት እስኪጣልላቸው የሚጠብቁትን ረጃጅም አሞራዎች፣ አባ ኮዳዎቹን ተከትላ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ አንድ እግሯን አንስታ ስታበቃ ሌላውን፤ ልክ እንደ ሽማግሌ ዳኛ። አንቺ ደግሞ ነጠላሽን አደግድገሽ ከኋላዋ እንደዚያው። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ትተው ሲስቁባችሁ እኔ በሀፍረት ወደ ሐይቁ ዞሬ የማላውቃችሁ መሰልኩ። ውዝዋዜን ማን አስተማራት ብለው ሲጠይቁኝ «እናቷና አባ ኮዳ» እላለሁ፤ ቀልድ ይመስላቸዋል።

የክረምቱ ማብቂያ ላይ የውዝዋዜ አሠልጣኟ ቤታችን መጣ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና የከተማውን ልጆች አሰባስቦ ቡድን የመሠረተውን፣ ያንን ረጋ ያለ የሲዳማ ልጅ ታውቂዋለሽ፤ ሆስፒታል ሊጠይቅሽ ሙዝ ይዞ መጥቶ አፍሮ ሳይሰጥሽ ይዞት የተመለሰው። በሙዚቃ የሚታጀብ፣ ከጥቂት ቃል በቀር ንግግር የሌለው ውዝዋዜ እያዘጋጀ ነበር። ታሪኩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ አውሮፓ ውስጥ አይሁዶች እየታደኑ በሚገደሉበት ዘመን፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ባለ ቆጥ ተደብቃ ስለኖረች ልጅ ነው። የአንዲት ልጅ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቹ ነው አለን። ልጅቱ መደነስ ትወዳለች፤ ነገር ግን ታች ሠራተኞችና ገበያተኞች ስላሉ ቀኑን ሙሉ ኮቴዋ መሰማት የለበትም። ከተሰማ ትገደላለች፣ የደበቃት ዳቦ ጋጋሪም አብሯት። ሶስና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። እሱ ሲወጣ ወደ እኔ ዞራ «አባዬ፣ ይህቺን ልጅ አውቃታለሁ» አለችኝ። ስንት ወር ሙሉ ሳትጠየቅ ያወጣቻት የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ናት።

እኔ ደስ አለኝ፤ እናትሽ ደግሞ ቤቱን ቀወጡት።

አትፍረጂባቸው የሺዬ፤ ሐቅ ነበራቸው። እናቷ ሙት ዓመቷ ሳይወጣ፣ ጥቁሯን ሳታወልቅ፣ ልጅ መድረክ ወጥታ ስትወዛወዝ ሰው ምን ይላል? ዕድሩስ? «ልጄን ገና ከልቤ አላወጣኋት፣ እናንተ ከበሮ ልትመቱባት ነው?» አሉኝ። የሳቸው ልጅ አንቺ ነሽ። ጭራሽ ታሪኩ የአይሁድ ልጅ እንደሆነ ሲሰሙ ደግሞ አማተቡ። በሰሙነ ሕማማት ሲሰግዱ የሰሙት ቃል ነዋ። «ጌታችንን ለሰቀሉት ነው የምትወዛወዢው?» ብለው አፈጠጡባት። እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ ንግግር ልጀምር ስል ልጅሽ ቀደመችኝ። እዚያችው በቆመችበት፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ፣ «እማማ፣ እመቤታችን የማን ወገን ናት? እሷም የአይሁድ ልጅ አይደለችም? ሄሮድስ ልጇን ሊገድልባት ሲያሳድዳት ተደብቃ አይደል የሄደችው?» አለቻቸው።

ወሩ ጽጌ ነው፣ የስደቷ ወር። እናትሽ ደግሞ ጽጌን የሚጾሙ ሴት ናቸው፤ በየእሑዱ የስደቷን ማሕሌት ቆመው የሚያድሩ። መቁጠሪያቸውን አነሱና ወደ ጓዳ ገቡ። እሳቸውን የረታ ሰው አልተወለደም ያልኩት ተሳስቼ ነበር፤ ተወልዷል፣ አንቺ ነሽ የወለድሽው።

በማግሥቱ ሽንኩርት እየከተፉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ያቺ ልጅ ስሟ ማነው?» አሏት። «ሚርያም» አለቻቸው። «ማርያም በይኛ! እናቷስ?» «እናቷ የለችም። ቀድመው ወስደዋታል።» ቢላዋው ቆመ። ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ፤ ሽንኩርት ነው እንዳትዪ፣ እኔ እዚያው ነበርኩ። ከዚያ «እመጣለሁ። ለመፍቀድ አይደለም፣ ለማየት ነው» አሉ። ፈቃድ ማለት በእናትሽ አማርኛ ይኸው ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ወደ ሐይቅ ዳር ወረድን። «ቀስ በል ልጄ፣ እንቁላል አይደለንም ብለህ ነው?» እያሉ እናትሽ ሹፌሩን አላስነዱትም። ልጁ በሲዳምኛ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ ቋንቋውን ባለመቻሌ ደስ አለኝ። አዳራሹ ሞልቷል። ተማሪው፣ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቶቻችን፣ ከእናትሽ ጋር የሚያስቀድሱት እናቶች ሳይቀሩ። እናትሽ ምን ብለው እንደቀሰቀሷቸው አላውቅም፤ ብቻ ሁሉም ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ሙዚቀኞቹ መድረኩ ጥግ ላይ ናቸው፤ ክራር፣ ዋሽንት፣ ማሲንቆና አንድ ከበሮ።

ሲጀመር ምን ቢሰማ ጥሩ ነው? «ኩኩሉ!»

ያ የእናንተ ጨዋታ፣ የሺዬ። አንቺ ዘይቱኑ ግንድ ላይ ፊትሽን ደፍተሽ «ኩኩሉ!» ትያለሽ፤ እሷ መደበቂያ እየፈለገች «አልነጋም!» ትላለች፤ «ኩኩሉ!»፣ «አልነጋም!»፤ በመጨረሻ ከውሃው በርሜል ኋላ ገብታ «ነግቷል!» ስትል ሳቋ ያሳብቅባታል። ይህን ለአሠልጣኙ የነገረችው እሷ ናት። እሱም ወደደውና የሥራውን ርእስ «አልነጋም» አለው። ከጦርነቱ በፊት ልጆቹ መንገድ ላይ ድብብቆሽ ሲጫወቱ ነው የሚጀምረው፤ ዋሽንቱ እንደ ዶሮ ይጮኻል፣ ልጆቹ በሰውነታቸው «አልነጋም» ይላሉ። ከዚያ ጨዋታው እውነት ይሆናል። ልጅቱ ትደበቃለች፤ እንግዲህ ለዓመታት አይነጋም።

ሚርያም ወደ ቆጧ ስትገባ በር የለም፤ ባዶ አየር ነው። ሶስና ቆመች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ሁለት እጇን ወደማይታየው እጀታ ዘረጋች፤ አነሳ አድርጋ ከፈተችው። በካልሲ፣ ጣቶቿን አስቀድማ፣ ትንፋሿን ውጣ ገባች። አዳራሹ ሙሉ ሰው «እንዴት ያለች ተወዛዋዥ!» ሲል እኔ «ሌባችን» አልኩ። እናትሽ እጄን ያዙኝ፤ እሳቸውም ያንን በር ያውቁታል። ያ ሁሉ የሕመምሽ ወራት፣ ያ ሁሉ በጣት ጫፍ የተሄደ መንገድ፣ ከንቱ አልቀረም ነበር። ልጅሽ እግሯ ውስጥ አስቀምጣው ኖሯል።

ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው ሲገቡ በማሲንቆ ብቻ ታጅባ ትደንሳለች፤ መሬት ሳትነካ ማለት ይቻላል። አንድ ቦታ ላይ ናፍቆት ሲጠናባት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ እግሯን እያነሳች ሄደች። ሕዝቡ ሳቀ። አባ ኮዳ አውሮፓ ድረስ መሄዱን ያወቅነው እኔና አንቺ ብቻ ነን።

ከበሮው እስከዚያ ድረስ አንድም ጊዜ አልተመታም ነበር። መጨረሻው አካባቢ ከሩቅ ተመታ፤ የወታደር ጫማ ነው፣ ደረጃ ይወጣል። ከታች ፈላጊዎቹ «ኩኩሉ!» አሉ። ልጅቱ አልጋዋ ሥር ተኮራምታለች። «ኩኩሉ!» ደግመው። ይኼኔ ከጎኔ፣ ሙሉ ድምፃቸውን ለቀው፣ «አልነጋም በይ! አልነጋም በይ ልጄ፣ እንዳትወጪ!»

ማን እንደሆነ ልንገርሽ? ሰው ሳቀ። እኔ የነጠላቸውን ጫፍ ይዤ ጎተትኩ፤ እሳቸው ግን ቲያትር መሆኑን ረስተውታል። ወይም አልረሱትም፤ እኔ እንጃ። የሳቁት ሰዎችም ወዲያው ዝም አሉ። በዚያ አዳራሽ ከተቀመጠው ስንቱ፣ በዘመኑ በደረሰበት ክፉ ቀን፣ ልጁን ጎተራ ውስጥ ወይም አልጋ ሥር ደብቆ «አትውጣ» ያለ እንዳለ ማን ያውቃል?

ከበሮው ደረሰ። መብራቱ ጠፋ። ሲበራ ልጅቱ የለችም፤ ያወለቀቻቸው ጫማዎች ብቻ መድረኩ መሃል ቀርተዋል። አንድ ድምፅ መጥቶ፣ መቃብሯ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም አለ። ከዚያ ዝምታ። ያ ዝምታ የታቀደ ነበር፤ መጨረሻው እሱ ነው።

እናትሽ ግን መቃብር የሌላትን ልጅ ዝም ብሎ ማለፍ አላደጉበትም። የነጠላቸውን ጥለት እንደ ሐዘንተኛ ወደ ላይ ገለበጡ፤ ተነሱ፤ ወደ ጫማዎቹ እያዩ፦

ኖርሽ ተደብቀሽ፣ ሞትሽ ተደብቀሽ፣
መቃብርሽ የት ነው፣ መጥቼ ላልቅስልሽ?
አልቃሽ የለኝ ብለሽ ደጁን አትመልከቺ፣
እኔ አያትሽ አለሁ፣ አይዞሽ ልጄ አንቺ።

ማሲንቆ መቺው የወሎ ልጅ ነው። ዓይኑን ወደ አሠልጣኙ ሳያዞር፣ አንዴ አንገቱን ደፍቶ፣ ዜማቸውን ተከተላቸው። የማኅበራቸው እናቶች ተነሱ። ደረት ተመታ። ሀዋሳ፣ ሐይቅ ዳር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ስንት ባሕር ማዶ ለሞተች የአይሁድ ልጅ ወግ ያለው ለቅሶ ተለቀሰላት።

ሶስና ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። በካልሲዋ መድረኩን አቋርጣ ዘልላ ወረደች፤ የሺዬ፣ ያ ዝላይ ተሰማ፣ ጣውላው ጮኸ። እናትሽ ደረት ላይ ተደፍታ «እማዬ!» ብላ አለቀሰች። በቀብርሽ ቀን ያላለቀሰችውን፣ ከዚያ ወዲህ በየክፍሉ ተሸክማው ስትሄድ የነበረውን ሁሉ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ሚርያም ለቅሶዋን ከእኛ ጋር ተካፈለች። ስለዚህ ስሟን ከአንቺ ስም አጠገብ አድርጌ አነሳዋለሁ፤ ቅር እንደማይልሽ አውቃለሁ።

ጭብጨባ አልነበረም። ሰው እየተነሳ፣ ተራ እየጠበቀ፣ እንደ ለቅሶ ቤት «እግዚአብሔር ያጽናዎት» እያለ ወጣ፤ እናትሽም «አሜን፣ የእናንተን ያቆይላችሁ» እያሉ ሸኙ። አሠልጣኙ ሥራዬን አበላሹብኝ ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። «እኔ በዝምታ የጨረስኩት አልቃሽ ስላልነበራት ነው፤ አሁን አገኘች» አለኝ። በባጃጁ ስንመለስ ስለ ጥቁር ልብሱ ተነሳና እናትሽ ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ጥቁሩ ሙት ዓመቷ እስኪወጣ ይቆይ። እግሯ ግን ሐዘን አይልበስ።»

ሰኞ ጠዋት ገና ሳልነሳ በሩ አቃሰተ። የሚገባው እኔ ነኝ እንዳልል እኔ አልጋ ላይ ነኝ። ሶስና ጫማዋን እንዳደረገች፣ ጧ ጧ እያለች ገብታ፣ መስኮቱን በርግዳ «አባዬ፣ ረፍዷል!» አለችኝ። እናትሽ ከጓዳ «ቤቱን አፈረሰችው እኮ!» ብለው ጮኹ፤ ከዚያ ቀስ ብለው እልል ሲሉ ሰማኋቸው።

አመሰግንሻለሁ። ልጄን እንድትስቅ፣ እንድትደበቅ፣ ኋላም እንድትወጣ አድርገሽ ስላሳደግሽልኝ አመሰግንሻለሁ። እናትሽንም ከነጨዋቸው ስለተውሽልን አመሰግንሻለሁ፤ ይህን ትጽፋለህ ብለሽ በሕይወት ሳለሽ ብትነግሪኝ ስቄብሽ ነበር። ሙት ዓመትሽን ደግሰን እናወጣለን፤ ከቄሶቹ ዘንድ ስምሽን እናስጠራለን። ከዚያ በኋላ ግን እኔ የማስታውስሽ በሩን ዘይት ባለመቀባት ነው። የምቀባውን ዘይት ገዝቼ የነበረ ቢሆንም ለወጥ ቤት ይሁን ብዬ ለእናትሽ ሰጠሁ። እሱ ባቃሰተ ቁጥር ሰው መጣ ማለት ነው፣ አንቺ እንዳልሽው።

እንግዲህ የሺዬ፣ ካለሽበት ሆነሽ፣ ፊትሽን እንደ ዱሮው ግንዱ ላይ ደፍተሽ፣ አንዴ «ኩኩሉ» በይን። ከእንግዲህ የምንመልስልሽን አውቀነዋል።

ነግቷል።

ያንቺው መምህር